የካሜራው ምስል የት ይደር? ደመና፣ ሪከርደር ወይስ የቤት ሰርቨር

ባለፈው ክረምት ከቤታችን ፊት ለፊት ከቆመ መኪና ላይ ሁለቱም ስፖኪዮ በአንድ ሌሊት ተነቀለ። ባለቤቱ ጠዋት በሬን አንኳኩ። «ልጄ፣ ያንተ ካሜራ ወደ መንገዱ ያያል አይደል? እስቲ እንየው» አሉኝ። ስልኬን በኩራት አወጣሁ። የመጨረሻው ምስል ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ10 ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ባዶ። መብራት የሄደው ያኔ ነበር። ከመብራቱ ጋር ዋይፋዩ ሄደ፣ ከዋይፋዩ ጋር ካሜራዬ ሄደ። ጋሼ ትንሽ ዝም አሉና «እና ይሄ ነገር የሚሠራው መብራት ሲኖር ብቻ ነው?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

አሁን ግቢዬ ውስጥ 4 ካሜራ አለ። ምስላቸው የሚያድረው ቁም ሳጥን ውስጥ በተቀመጠ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ነው። እዚያ እስክደርስ ሌሎቹንም መንገዶች ሞክሬአለሁ፣ ገንዘብም አባክኛለሁ። ስለዚህ ሰው «የትኛው ካሜራ ይሻላል?» ሲለኝ እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ ምስሉ የት እንዲያድር ነው የምትፈልገው? የካሜራው ብራንድ ከዚህ መልስ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ማደሪያው አራት ዓይነት ነው፤ ካሜራው ውስጥ ያለ ሜሞሪ ካርድ፣ የኩባንያ ደመና (ምስሉ በኢንተርኔት የሚሄድበት የኩባንያው ኮምፒውተር)፣ ሪከርደር፣ ወይም የራስ ሰርቨር።

ዋጋ በብር አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት በወሩ ያረጃል።

ካርድና ደመና

ሜሞሪ ካርዱን ቶሎ ልለፈው። ለተከራየ ሰው፣ ለአንድ በር፣ ለአንድ ሱቅ ይበቃል። ኢንተርኔት ባይኖርም ይቀዳል። ግን ሌባው ካሜራውን ነቅሎ ከሄደ ማስረጃውንም ይዞት ሄደ ማለት ነው። ካርድ ደግሞ ቀን ከሌት ሲጻፍበት ቶሎ ያልቃል፤ ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራውን፣ «ሃይ ኢንዱራንስ» የሚል የተጻፈበትን ግዙ።

ደመና ትልቅ ጥቅም አለው፣ አልክድም። ምስሉ ከቤት ውጭ ስለሚያድር ሌባ አይደርስበትም። ተከላውም የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። እኛ ጋ ሲመጣ ግን ሦስት ነገር ያነክሰዋል።

አንደኛው ኔትወርክ ነው። አንድ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ብቻ ያለማቋረጥ ቢልክ በቀን 21.6 ጊጋባይት፣ በወር 650 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ለዚህ ነው አብዛኞቹ የደመና ካሜራዎች እንቅስቃሴ ሲያዩ ብቻ አጭር ቅንጭብ የሚልኩት። ሰውየው ከመምጣቱ በፊት ምን ሆነ? ከሄደስ በኋላ? አይታይም።

ሁለተኛው ክፍያው ነው። አገልግሎቱ በየወሩ በዶላር ይከፈላል። ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ያው የዶላር ክፍያ በብር ሲመነዘር ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ።

ሦስተኛው የሰው ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሪንግ የተባለውን የአማዞን ኩባንያ ሠራተኞቹ የደንበኞችን ቪዲዮ ያዩ ነበር ብሎ ከሶት፣ ጉዳዩ በ5.8 ሚሊዮን ዶላር ተዘጋ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ የዋይዝ ካሜራ ተጠቃሚዎች አፓቸውን ሲከፍቱ የሌላ ሰው ቤት ምስል ታያቸው፤ ኩባንያው ራሱ ቁጥሩን 13,000 ገደማ ብሎታል። እኔ መኝታ ቤት አጠገብ የደመና ካሜራ አላስቀምጥም። ሳሎንም ቢሆን እየተጠራጠርኩ ነው።

ይሁንና እናት ብቻዋን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ካለች፣ ልጅዋ ዋሽንግተን ሆና ልታያት ከፈለገችና ክፍያውን እዚያው በካርዷ የምትዘጋው ከሆነ፣ ደመናን እመርጥላታለሁ። እማማ ሰርቨር ልታስነሳ አትችልማ።

ሪከርደር፤ ሱቁ የሚሸጥላችሁ

«ካሜራ ላስገጥም ነው» ብላችሁ ባለሙያ ብትጠሩ የሚያመጣላችሁ ይህን ነው። ዲቪአር ከሆነ የዲሽ ገመድ በሚመስለው በኮአክሲያል ገመድ፣ ኤንቪአር ከሆነ በኔትወርክ ኬብል። ሳጥን፣ ውስጡ ሃርድ ዲስክ፣ ጎኑ ላይ ሞኒተር። ሂክቪዥን ወይም ዳሁዋ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ስለ ሪከርደር ክፉ አላወራም። ኢንተርኔት አይፈልግም። መብራት ሲመጣ ማንም ሳይነካው ይነሳል። ቢበላሽ የሚያውቀው ባለሙያ በየሰፈሩ አለ። ይህ የመጨረሻው ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ።

የሚያስመርረው ሌላ ነው። ርካሹ ሪከርደር እንቅስቃሴ ማለት ምን እንደሆነ አይለይም። የባህር ዛፍ ቅጠል፣ ዝናብ፣ ሌንሱ ላይ ድር የሠራች ሸረሪት፣ ሁሉም «እንቅስቃሴ» ነው። በሐምሌ አንድ ሌሊት ስልኬ ላይ መቶ ምናምን ማስጠንቀቂያ ቆጥሬ አጠፋሁት። ያጠፋችሁት ማስጠንቀቂያ ደግሞ እንደሌለ ነው። አዳዲሶቹ ሰውንና መኪናን ይለያሉ፤ ሂክቪዥን «አኩሰንስ»፣ ዳሁዋ «ዊዝሰንስ» ይለዋል። ሪከርደር የምትገዙ ከሆነ ትንሽ ጨምራችሁ እነሱን ውሰዱ።

ሌላው ፓስዎርድ ነው። ባለሙያው ሲሄድ ፓስዎርዱንም ይዞት ይሄዳል። ብዙ ቤት ሄጄ አይቻለሁ፤ የቤቱ ባለቤት የራሱን ካሜራ ቅንብር መክፈት አይችልም። ፓስዎርዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ የሚገምተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ካሜራዎችንና ዲቪአሮችን የወረረው ከፋብሪካ የወጡበትን ፓስዎርድ እየሞከረ ነበር። በ2021 ደግሞ በብዙ የሂክቪዥን ምርቶች ላይ ያለ ፓስዎርድ መግባት የሚያስችል ቀዳዳ ተገኝቶ ኩባንያው ማስተካከያ አወጣ። ጥያቄው የእናንተ ሳጥን ላይ ያንን ማስተካከያ ማን ጫነው ነው።

የቤት ሰርቨር

ሰርቨር ሲባል ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። ሁልጊዜ በርቶ የሚያድር ኮምፒውተር ነው፣ በቃ። ካሜራዎቹ በኔትወርክ ምስል ይልኩለታል፤ እሱ ይቀዳል፣ ውስጡ ያለውን ነገር ይለያል፣ ሰው ካየ ይነግራችኋል።

ካሜራ ስትገዙ ሁለት ቃል ጠይቁ፤ አርቲኤስፒ እና ኦንቪፍ። የመጀመሪያው ምስሉ የሚላክበት ቋንቋ ነው። ሁለተኛው የተለያየ ኩባንያ ዕቃ እንዲግባባ የወጣ መስፈርት ነው። ሁለቱን የሚያውቅ ካሜራ ከየትኛውም ሰርቨር ጋር ይኖራል። ሪንግን የመሰሉት ደመና ላይ ብቻ የተሠሩት አያውቋቸውም። በባትሪ የሚሠሩትም አብዛኞቹ አያውቁም። እቤት ዲቪአርና የኮአክሲያል ገመድ ካላችሁ ግን እንዳትጥሉት። ብዙዎቹ ዲቪአሮች የእያንዳንዱን ካሜራ ምስል በአርቲኤስፒ ያወጣሉ፤ ሰርቨሩ ከዚያ ይቀዳል። አሮጌው ሳጥን እንደ መጠባበቂያ ሥራውን ይቀጥላል።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ እኔ የምጠቀመው ፍሪጌት ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ሊኑክስ በሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ፣ ዶከር በሚባል ፕሮግራም ውስጥ ይሠራል። ዋናውን ጥራት ያለውን ምስል እንዳለ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ለመለየት የሚመረምረው ግን ካሜራው ጎን ለጎን የሚልከውን ትንሹን ምስል ነው፣ በሰከንድ 5 ፍሬም ያህል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አይጨነቅም። ሊኑክስ የሚያስፈራው ሰው ብሉ አይሪስ አለለት፤ ዊንዶውስ ላይ ይሠራል፣ ግን ይከፈልበታል፣ ጉልበት ያለው ኮምፒውተርም ይወዳል። ዞንማይንደር እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ያለ አንጋፋ ነው፤ አከብረዋለሁ፣ ዛሬ ለጀማሪ ግን አልመክረውም። ሲኖሎጂ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው የኔትወርክ ማከማቻ ያለው ሰው ደግሞ የራሱ የካሜራ ፕሮግራም አብሮት ይመጣል፤ 2 ካሜራ በነፃ፣ ከዚያ በላይ ላለው ፈቃድ መግዛት ነው።

የፍሪጌት መለየት ምን ያህል ነው? ሰውና መኪና ላይ ጎበዝ ነው። ከማስጠንቀቂያ ብዛት ገላግሎኛል። አብሮት የሚመጣው ሞዴል ውሻ፣ ድመት፣ ላም፣ በግ፣ ድብ፣ ሌላው ቀርቶ ቀጭኔም ያውቃል። ጅብ አያውቅም። የእኛ ሰፈር ከከተማው ዳር ስለሆነ ሌሊት ጅብ በበራችን ያልፋል፤ «ውሻ» ብሎ መዝግቦት አገኘሁ። ለፋሲካ ዋዜማ የታሰረችውን በግ ግን ሌሊቱን ሙሉ በትክክል «በግ» እያለ ሲመዘግባት አደረ።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ ሦስት መንገድ አለ። አዲስ ከሆነ በኢንቴል ኤን100 የተሠሩት ሚኒ ኮምፒውተሮች ለ4 እስከ 6 ካሜራ ይበቃሉ፤ መብራት አይበሉም፣ ድምፅ የላቸውም። ሁለተኛው ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል 6ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ፍሪጌት አብሮት ባለው ግራፊክስ ተጠቅሞ መለየት ይችላል። ዴስክቶፕ ከሆነ አንድ ነገር እንዳትረሱ፤ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈት መሠረታዊ ቅንብር) ውስጥ ገብታችሁ «መብራት ሲመለስ ራስህ ተነሳ» የሚለውን አብሩት። አለበለዚያ መብራት መጥቶ ሰርቨሩ ተኝቶ ያድራል።

ሦስተኛው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ስክሪኑ የተሰበረም ቢሆን ችግር የለም። የራሱ ባትሪ ስላለው ከዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ዕቃን በባትሪ ከሚያቆይ ሳጥን) ጋር ተወለደ በሉት። ብዙ ሰው የሚንቀው ይህን ነው፣ እኔ ግን ለእኛ አገር የተሠራ ይመስለኛል። ሲከደን እንዳይተኛ አስተካክሉት። ባትሪው ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ከተሰካ ያብጣል፤ ስለዚህ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም አድርጉ።

የሰርቨር ትክክለኛ ዋጋ ኮምፒውተሩ አይደለም፤ የእናንተ ምሽት ነው። የመጀመሪያውን ቅንብር ፋይል ስጽፍ አንዲት ባዶ ቦታ በማሳሳቴ ሁለት ምሽት ሄደብኝ። በዓመት ጥቂት ጊዜም ማሻሻያ ይኖራል። ይህን የሚወድ ሰው ቤት ውስጥ ከሌለ ሰርቨር ሸክም ነው። ባልየው ሲነካካ የኖረው ሥርዓት እሱ መንገድ በሄደ በሳምንቱ ቆሞ ሚስቲቱ «ምን ላድርገው?» ብላ ስትደውል ሰምቻለሁ። እንዲህ ከሆነ ሪከርደሩ ይሻላል፣ ያለ ጥርጥር።

ስንት ቀን ይቆይ?

እዚህ ላይ ሂሳቡ ቀላል ነው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት ማለት በቀን 10.8 ጊጋባይት ነው። 4 ሜጋፒክስል ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢወስድ በቀን 43 ጊጋባይት፤ 4 ካሜራ 173 ጊጋባይት። 2 ቴራባይት ዲስክ 11 ቀን ተኩል ይይዛል ማለት ነው። ኤች.265 የሚባለውን መጭመቂያ ብትጠቀሙ ይረዝማል። ሰርቨሩ ላይ ደግሞ «ሁሉንም 5 ቀን፣ ሰው ያለበትን 30 ቀን አቆይ» ማለት ይቻላል። ሪከርደር ላይ እንዲህ ያለ ምርጫ ብዙም አይገኝም።

ዲስኩ ቀን ከሌት ለሚጻፍበት ሥራ የተሠራ ይሁን፤ ዌስተርን ዲጂታል «ፐርፕል»፣ ሲጌት «ስካይሆክ» ይሉታል። እና እባካችሁ ሰርቨሩን ከኮርኒስ በላይ አትደብቁት። ከቆርቆሮ ሥር በቀትር ያለው ሙቀት ዲስክ ይገድላል። አየር የሚገባው የተቆለፈ ቁም ሳጥን ይበቃል።

መብራት ሲሄድ

ወደ ስፖኪዮው ነገር ልመለስ። የዋይፋይ ካሜራ እያንዳንዱ የራሱ ሶኬት ላይ ነው። 4 ካሜራ ካለ በ4 ቦታ ባትሪ ሊኖር ነው። ፒኦኢ በሚባለው አሠራር ግን ኃይሉም ምስሉም በአንድ ኬብል ይሄዳል። የካሜራዎቹ ኬብል የሚሰካበትን ሳጥን፣ ስዊቹን፣ ባትሪ ላይ ብታደርጉ ካሜራዎቹ ሁሉ በሕይወት ይቆያሉ። ለእኔ ሌላው ሁሉ ቀርቶ ይህ ብቻ ኬብል ለመዘርጋት በቂ ምክንያት ነው። አንድ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፤ ከዚህ የሚያልፍ ግቢ ያለው ሰው ይህን ጽሑፍ እያነበበ አይመስለኝም። ስትገዙ ኬብሉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፣ ተዉት።

የእኔ ሥርዓት እንዲህ ይበላል፤ 4 ካሜራ በ5 ዋት 20፣ ኮምፒውተሩ 12፣ ዲስኩ 6፣ ስዊቹ 4፣ ራውተሩ 8። ድምሩ 50 ዋት። በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ቆጣሪው ላይ ይጨምራል። ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ያለው ትንሹ ዩፒኤስ በዚህ ጭነት አንድ ሰዓት አይሞላም። መብራት ለ6 ሰዓት በሚሄድበት ሰፈር ይህ ቀልድ ነው። 100 አምፒር ሰዓት የሆነ ጄል ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር፣ ባትሪውን ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ 10 ሰዓት ገደማ። በዚያው መጠን የሊቲየም ባትሪ ከሆነ ከ20 ሰዓት በላይ። ቀድሞውኑ ለቴሌቪዥንና ለመብራት ኢንቨርተር ያላችሁ፣ ወጪው ግማሹ አልቋል።

መብራት ሲመለስ የሚመጣውንም ኃይል አትርሱ። ርካሽ ዲቫይደር አይከላከልም። እኔ ስታብላይዘር ከማስገባቴ በፊት አንድ ስዊች ተቃጥሎብኛል።

ከውጭ ማየትና ሰዓት

ሥራ ቦታ ሆናችሁ ቤታችሁን ለማየት ራውተር ላይ ከውጭ የሚያስገባ በር (ፖርት) አትክፈቱ። የሚራይ ዓይነቱ የሚገባው በዚያ ነው። ብዙ ኢንተርኔት መስመር ደግሞ አንድን አድራሻ ለብዙ ቤት ስለሚያጋራ ቢከፈትም ላይሠራ ይችላል። ከስልካችሁ ወደ ቤታችሁ የተቆለፈ የግል መስመር የሚዘረጋውን ዋየርጋርድን ወይም በእሱ ላይ የተሠራውን ቴይልስኬልን ጫኑ። የተጋራ አድራሻ ቴይልስኬልን አያግደውም። ከውጭ ስታዩም ትንሹን ምስል ምረጡ፤ የሞባይል ዳታችሁ ያመሰግናችኋል።

ከደመና የሚቀርብኝ አንድ ነገር ነበር፣ ምስሉ ከቤት ውጭ ማደሩ። እሱን በሌላ መንገድ አመጣሁት። ሌሊት ሰው ሲታይ ሰርቨሩ አንድ ፎቶ በቴሌግራም ይልክልኛል። አንድ ፎቶ ለደካማ ኔትወርክም አይከብድም። ሌባው ሰርቨሩን ራሱን ቢወስደው እንኳ ፊቱ ስልኬ ላይ አድሯል። ችግሩ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም ሲዘጋ ለአምስት ወር ያህል መዘጋቱ ነው። ስለዚህ ለኢሜይልም አንድ ቅጂ ይሄዳል።

ሰዓቱን አስተካክሉ። ርካሽ ካሜራ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኢንተርኔት ካላገኘ እ.ኤ.አ. 1970 ላይ ራሱን ያገኛል። ሰርቨሩ ለካሜራዎቹ ሰዓት ሰጪ ሊሆን ይችላል፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ ሪከርደሮችም ብዙዎቹ ይችላሉ። ማስረጃ ለፖሊስ ስትሰጡ ደግሞ ምስሉ ላይ 02:14 የሚለው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 መሆኑን በጽሑፍ አያይዙ። ይህን ባለማድረግ ሰው ከሰው ሲጋጭ አይቻለሁ።

ካሜራውን ራሱን በሁለት ቃል፤ ለሰፊ ግቢ 2.8 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ለበር 4 ሚሊሜትር። ፊት በደንብ እንዲለይ በሜትር 250 ፒክስል ያስፈልጋል። 4 ሜጋፒክስል ካሜራ ይህን የሚሰጠው በ2.8 ሚሊሜትር ሌንስ እስከ 4 ሜትር፣ በ4 ሚሊሜትር ሌንስ እስከ 6 ሜትር ርቀት ገደማ ነው። ከ3 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ የሚታያችሁ ኮፍያ ነው።

የጎረቤት ግቢ ላይም አታነጣጥሩ። አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ከዚህም ጠንቀቅ በሉ፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 የቤት ካሜራ የሕዝብ መንገድ ከቀዳ «የግል ጉዳይ ነው» የሚለው ነፃነት አይሠራም ብሏል። ሰርቨሩም ሪከርደሩም የምስሉን ክፍል በጥቁር መሸፈን ይችላሉ።

የመረጣችሁትን ከገጠማችሁ በኋላ አንድ ምሽት ቆጣሪውን ራሳችሁ አጥፉት። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በበሩ ውጡና ግቡ። ከዚያ ምስሉን ፈልጉት። እኔ ይህን ባደረግኩበት ምሽት ሰርቨሩ በርቷል፣ ዲስኩ ይዞራል፣ ባትሪው ሙሉ ነው። አራቱም ካሜራ ግን ጠፍተዋል። ስዊቹን የሰካሁት ከባትሪው ዲቫይደር ላይ ሳይሆን አጠገቡ ካለው የግድግዳ ሶኬት ላይ ነበር።